ኩላሊት ከተተከለ በኋላ ያለውን መድሃኒት በጤና መድን ማሸፈን፦ ጅማ ሆናችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

ይሄ ጽሁፍ ኩላሊት ተተክሎለት ጅማ ለተመለሰ ሰውና መድሃኒቱን ለሚያመላልስለት ቤተሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሯሯጠው ታማሚው ሳይሆን እህት ወይ ወንድም ወይ ልጅ ስለሆነ "እናንተ" እያልኩ ነው የምሄደው። እኔም ለወንድሜ መድሃኒት አመላላሽ እንጂ ሀኪም አይደለሁም፣ ስለዚህ ስንት ሚሊግራም ይዋጥ የሚለውን እዚህ አትፈልጉ፣ እሱ የሀኪማችሁ ነው፤ እኔ የምነግራችሁ የወረቀቱን፣ የመስኮቱንና የብሩን ነገር ነው።

ብዙ ቤተሰብ ቀዶ ጥገናው ካለፈ ወጪውም ያለፈ ይመስለዋል። ያ ሁሉ መዋጮ፣ ያ ሁሉ የእድር ሩጫ፣ ህንድ ድረስ መሄድ ወይ አዲስ አበባ ወራት መክረም አልቆ ሰው እፎይ ሲል ነው የየወሩ ማዘዣ የሚጀምረው። ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መድሃኒቱም አለ፣ "አሁን ደህና ነኝ" ተብሎ የሚቆም አይደለም፤ ምክንያቱም ሰውነት የሰው ኩላሊት መሆኑን መቼም አይረሳም፣ መድሃኒቱ ሲቋረጥ መግፋት ይጀምራል (ሪጀክሽን የሚሉት እሱን ነው)። ዋጋ ደግሞ አልጽፍላችሁም፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ውሸት ነው የሚሆነው፣ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድሃኒት ሁሉ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቁታላችሁ።

1. ማዘዣውን ሶስት ቦታ ክፈሉት

ከሁሉ በፊት ይሄን አድርጉ፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዛችሁ። ታማሚው የሚውጠውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ሶስት ክምር አድርጉት።

የመጀመሪያው ክምር ሰውነት ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚያደርጉት ናቸው፦ ታክሮሊመስ (ወይ በሱ ፈንታ ሳይክሎስፖሪን)፣ ማይኮፌኖሌት (ወይ አዛታዮፕሪን)፣ እና ፕሬድኒሶሎን። ሁለተኛው ክምር ኢንፌክሽን ለመከላከል ለተወሰነ ጊዜ የሚታዘዙት፣ ኮትሪሞክሳዞል ለምሳሌ፣ አንዳንዱ ሰው ቫልጋንሳይክሎቪር የሚባለውም ይታዘዝለታል፣ እሱ ውድ ነው ግን ለወራት እንጂ እድሜ ልክ አይደለም። ሶስተኛው ክምር ማንም ሰው ኩላሊት ሳይተከልለትም ሊወስዳቸው የሚችላቸው ናቸው፦ የደም ግፊት አምሎዲፒን፣ የስኳር፣ የጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ የኮሌስትሮል ምናምን።

ለምን እንደዚህ ትለያላችሁ? ሁሉንም በአንድ ወረቀት፣ ከላይ "ፖስት ትራንስፕላንት" የሚል ተጽፎበት ይዛችሁ ከሄዳችሁ መስኮት ላይ ያለው ሰው ያንን ቃል አይቶ ሁሉንም ይመልስባችኋል። አንዲት እናት ፊቴ የሆኑትን ልንገራችሁ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና "እማማ ይሄ የንቅለ ተከላ ነው፣ በመድን አይሸፈንም" አለቻቸው። እሳቸውም ቀዝቀዝ ብለው "እሺ ልጄ፣ ይቺ ሶስተኛዋስ? የግፊት አይደለችም እንዴ?" አሉ። "እሷማ የግፊት ናት፣ እዚሁ አለች።" "እና እሷን ስጪኛ!" ልጅቷ ስቃ "ለብቻዋ በሌላ ማዘዣ አስጽፈው ይምጡ" አለቻቸው፣ ተመልሰው አስጽፈው መጡ፣ ሳይከፍሉ ይዘው ወጡ። ከአምስት መድሃኒት አንዱም ቢሆን በየወሩ ሲጠራቀም ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ዶክተሩ ጋ ስትገቡ በግልጽ ጠይቁ፦ "ዶክተር፣ የግፊቱንና የስኳሩን ለብቻ በሌላ ማዘዣ ይጻፉልን፣ የበሽታውም ስም እንደዛው ይጻፍ።" ይሄ ማጭበርበር አይደለም፣ ግፊት ግፊት ነው። ንቅለ ተከላውን ደብቁ ግን አላልኩም፣ እሱማ ለሚያያችሁ ሀኪምና ፋርማሲስት ሁሉ መጀመሪያ የምትናገሩት ነገር ነው (ምክንያቱን ታች እመጣበታለሁ)።

2. የትኛው መድን እንዳላችሁ ለዩ

ሰው "መድን አለኝ" ሲል የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ማለት ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሰራተኛው በቤተሰብ እየከፈለ የሚገባበት፣ ቀበሌ ላይ የምትታደስ ካርድ ያለችው ነው። ለኛ አካባቢ አዲስ አይደለም፣ በ2003 ዓ.ም. ሀገሪቱ ላይ ለሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጅማ ዞን ሊሙ ኮሳ ነበር። ማህበራዊ የጤና መድን የሚባለው ደግሞ ለደሞዝተኛና ለጡረተኛ የታሰበው፣ አዋጅ 690/2002 የወጣለት፣ ከዛ ወዲህ ሊጀመር ነው ሲባል የኖረው ነው። ሶስተኛው መስሪያ ቤት ወይ ድርጅት ለሰራተኛው የሚያደርገው የህክምና ሽፋን ነው፣ ራሱ የሚከፍልም አለ ከኢንሹራንስ ድርጅት በቡድን የሚገዛም አለ። 

መጥፎውን ዜና አሁኑኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ ከማህበራዊ መድኑ አዋጅ በኋላ የወጣው ደንብ ከማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ የአካል ንቅለ ተከላን አስገብቶታል፣ የኩላሊት እጥበትንም (ድንገት ለሚመጣ የኩላሊት መድከም ካልሆነ በቀር)፣ ውጭ ሀገር ህክምናንም። የማህበረሰብ መድን ጽህፈት ቤቶችም የሚሄዱት በዚሁ መንፈስ ነው። እና "መድን ስላለን ታክሮሊመሱን ይሰጡናል" ብላችሁ ባዶ ኪስ እንዳትሄዱ። ግን ደግሞ "ንቅለ ተከላ አይሸፈንም" ማለትና "ኩላሊት የተተከለለት ሰው ምንም አይሸፈንለትም" ማለት ሰማይና ምድር ነው። ካርድ ያለው ሰው ወባ ሲይዘው፣ ግፊቱ ሲጨምር፣ ሳል ሲያስቸግረው፣ ደም ሲመረመር እንደማንኛውም አባል ነው። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሰምቶ ሁለተኛውንም ይተዋል፣ ካርዱን ማደስም ያቆማል፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ "እዚህማ ኢንሹራንስ ይከፍለዋል" ብሎ ሲያወራ ሰምታችሁ ቅር ካላችሁ፣ እዛም ቢሆን ብዙ ክርክር የነበረበት ነገር ነው። በኩላሊት ምክንያት ብቻ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት የጤና መድን) ያገኘ ሰው ከንቅለ ተከላው 36 ወር በኋላ ሽፋኑ ይቋረጥበት ነበር፣ ሌላ ሽፋን ለሌላቸው ለነዚህ መድሃኒቶች ብቻ የሚሆን መስመር የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው፣ እሱም በየወሩ እየተከፈለበት።

3. የማህበረሰብ መድን ካርድ ካላችሁ

ካርዱ መታደሱን እዩ። እድሳት በየዓመቱ ወቅት አለው፣ ወቅቱ ካለፈባችሁ እስከ ሚቀጥለው ልትጠብቁ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ቀበሌ "ጀምረናል" ሲል በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱ። አዲስ ገቢ ከሆናችሁ አገልግሎቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሰራ ጠይቁ፣ በከፈሉበት ቀን ላይጀምር ይችላል።

የታማሚው ስም ካርዱ ላይ አለ ወይ? ይሄ ሞኝ ጥያቄ ይመስላል ግን መድኑ የሚቆጥረው ባልና ሚስትን ከ18 ዓመት በታች ልጆች ጋር ነው፣ ከዛ በላይ የሆነ ልጅ እቤት ቢኖርም ተጨማሪ ተከፍሎለት ነው የሚገባው ወይ የራሱን ያወጣል። ኩላሊት የሚተከልለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፣ 22፣ 25፣ ከእናት ካባቱ ጋር የሚኖር። ስሙና ፎቶው ከሌለ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ላይ ነው የምትቆሙት።

ከዛ መንገዱን ጠብቁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከፍተኛ ሁለትም ይሁን መንደራ ቆጪ ወይ ሌላ፣ የተመዘገባችሁበት ማለት ነው፣ ከዛ ሪፈር ተጽፎላችሁ ሸነን ጊቤ ወይ ዩኒቨርሲቲው ሜዲካል ሴንተር። ሰው ይሄን መዝለል ይወዳል፣ "ሜዲካል ሴንተር ያውቁኛል" ይላል፣ ያውቁት ይሆናል ግን ያለ ሪፈር ቀጥታ ከሄደ ከኪሱ እንዲከፍል ነው የሚደረገው። ሪፈሩ ላይ "ለክትትል" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግልም እዛው አስረግጡ፣ በየቀጠሮው ጤና ጣቢያ መመላለስ ይቀርላችኋል።

አዲስ አበባ ክትትል ካለ (ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተተከለለት ሰው ይኖረዋል፣ የሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው እዛ ነው) የናንተ መድን ከዛ ሆስፒታል ጋር ውል አለው ወይ ብላችሁ የከተማውን የጤና መድን ክፍል ጠይቁ። ውል ካለ ከሜዲካል ሴንተር ወደዛ የሚያሻግር ሪፈር ነው የምትፈልጉት። ውል ከሌለ ቢያንስ እዚህ ሊሰራ የሚችለውን ምርመራ ሁሉ እዚህ በካርዱ አሰርታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ክሬቲኒን (የኩላሊቱ ስራ የሚታይበት)፣ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ)፣ ሽንት፣ ስኳር፣ እነዚህ እዚህ የማይሰሩ አይደሉም።

መድሃኒቱ ከሚሸፈኑት ሆኖ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ ካለቀስ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው፣ ተናዶ ወጥቶ መርካቶ በር ላይ ካለ ፋርማሲ ገዝቶ ይገባል፣ አለቀ። ከመግዛታችሁ በፊት ማዘዣው ጀርባ ላይ "የለም" ተብሎ ቀን፣ ፊርማና ማህተም እንዲደረግበት ጠይቁ፣ ከዛ መድኑ ውል ያለው ፋርማሲ የትኛው እንደሆነ ጠይቃችሁ ከዛ ውሰዱ፣ ከሌለም ገዝታችሁ እንዲመለስላችሁ ማመልከት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ይቻላል ካሏችሁ ደረሰኙ የማሽን ደረሰኝ ይሁን፣ በታማሚው ስም፣ መድሃኒቱ በስሙና በብዛቱ ተዘርዝሮ። "መድሃኒት" ብሎ ጠቅላላ ብር የተጻፈበት ወረቀት ማንም አይቀበላችሁም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ፦ አዲስ አበባ የሚጻፈው የህክምና ማስረጃ በእንግሊዝኛ ነው፣ የኛ ቀበሌና የከተማው ጽህፈት ቤት የሚሰራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ማስረጃውን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ "እስቲ ዶክተር ያንብበው" ተብሎ ይቀመጣል። አንድ ገጽ ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ፣ ምን እንደሆነና ምን እንደምትጠይቁ፣ ከላይ አድርጋችሁ አያይዙ፣ የማትጽፉ ከሆነ ጽህፈት ቤቶቹ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አሉ፣ ብዙ ብር አይጠይቁም።

4. መስሪያ ቤት ወይ ኢንሹራንስ ካላችሁ

እዚህ ነገሩ ያለው ውሉ ላይ ነው። የሰው ሀብት ክፍል የሚነግራችሁን ሳይሆን ወረቀቱን ጠይቁ። የኢንሹራንስ ውል ከሆነ ፖሊሲውን፣ ድርጅቱ ራሱ የሚሸፍን ከሆነ የህብረት ስምምነቱን ወይ የህክምና መመሪያውን ኮፒ አድርጋችሁ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። የምትፈልጉት እነዚህን ነው፦

- ከመግባታችሁ በፊት የነበረ በሽታ ይሸፈናል ወይ? ንቅለ ተከላው ከቅጥሩ በፊት ከሆነ ሁሉም ነገር እዚች መስመር ላይ ነው የሚወሰነው።
- "ንቅለ ተከላ አይሸፈንም" ሲል ቀዶ ጥገናውን ብቻ ነው ወይስ ከሱ ጋር የተያያዘ ክትትልና መድሃኒት ሁሉ? ቃሉ ግልጽ ካልሆነ በጽሁፍ አስመልሱ።
- ተመላላሽ ህክምና ዓመታዊ ጣሪያው ስንት ነው? ተኝቶ ለመታከም ያለው ጣሪያ ትልቅ ሆኖ የተመላላሹ ትንሽ ነው ብዙ ጊዜ፣ መድሃኒቱ ደግሞ ከተመላላሹ ነው የሚቀነሰው።
- ቤተሰብ ይጨምራል ወይ፣ ወላጅና ወንድም እህትስ?
- ገዝቼ ነው የምጠይቀው ወይስ በዱቤ የምወስድበት ፋርማሲ አለ? ጅማ ላይ አለ ወይስ አዲስ አበባ ብቻ?
- ደረሰኝ በስንት ቀን ውስጥ ነው የሚገባው?

ጣሪያው ትንሽ ከሆነ ብልሃት አለው። ዓመቱ ሲጀምር ጣሪያውን በሳልና በጉንፋን አትጨርሱት፣ ለዛ የማህበረሰብ መድን ካርድ ያለው ቤተሰብ ካርዱን ይጠቀም፣ የድርጅቱን ለመጀመሪያው ክምር አስቀሩት። ግን አንድን ደረሰኝ ሁለት ቦታ አታስገቡ፣ ይደረስበታል፣ ስራም ያሳጣል።

5. የመጀመሪያው ክምር፦ እዚህ ላይ ቀልድ የለም

ንቅለ ተከላው የተሰራው ቅዱስ ጳውሎስ ከሆነ መድሃኒቱን ከማዕከሉ ፋርማሲ እንዴት እንደምትወስዱ፣ በምን አከፋፈል፣ ለስንት ወር በአንዴ እንደሚሰጡ፣ ታማሚው ባይመጣ ቤተሰብ መውሰድ ይችል እንደሆነ፣ ይሄን ሁሉ ገና ከመውጣታችሁ በፊት ከማዕከሉ ፋርማሲስት ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉት፣ ስልኩንም ያዙ። ውጭ ሀገር የተሰራለት ደግሞ እንደተመለሰ ፋይል ይክፈት፣ የውጭውን ዲስቻርጅ ወረቀት (ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን) ይዞ። ህንድ የተጻፈ ማዘዣ እዚህ እንደ ማዘዣ ላይቆጠር ይችላል፣ እዚህ ያለ ሀኪም በራሱ ማዘዣ መጻፍ አለበት።

ማዘዣው ላይ የመድሃኒቱ ዋና ስም፣ ጥንካሬው፣ በቀን ስንት፣ ጠቅላላ ፍሬ ብዛት፣ የሀኪሙ ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም፣ ቀን መኖሩን ከክፍሉ ሳትወጡ አንብቡ። አንዱ ከጎደለ ፋርማሲው ይመልሳችኋል፣ ከጅማ ሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ ዶክተሩ እስኪገኝ ሌላ ቀን ማደር ነው።

ቁጥሩን እወቁ። ለምሳሌ ታማሚው ባለ 1 ሚሊግራም ታክሮሊመስ ጠዋት 3 ማታ 2 የሚውጥ ቢሆን በቀን 5፣ በወር 150 ፍሬ ነው። እኛ ቤት ህጉ የሶስት ሳምንት ሲቀር መደወል መጀመር ነው፣ በዚህ ሂሳብ 105 ፍሬ ሲቀር ማለት ነው። ለምን ሶስት ሳምንት? ማዘዣ ማስጻፍ አለ፣ መድሃኒቱ ላይኖር ይችላል፣ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መንገድ ይዘጋል፣ በአል ይመጣል፣ ብር ይጎድላል። ባለ 0.5 ሚሊግራምም ካለ ለብቻው ቁጠሩ፣ አንዱ አልቆ አንዱ ሲተርፍ ነው ሰው የሚሳሳተው። በር ጀርባ ላይ ቀን መቁጠሪያ ስቀሉና የሚደወልበትን ቀን ክበቡት።

ብራንድ ራሳችሁ አትቀይሩ። ታክሮሊመስ በቀን ሁለቴ የሚዋጥ አለ፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ አለ፣ ስማቸው ስለሚመሳሰል "ያው ነው" ተብሎ ይሰጣችኋል፣ ያው አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ፋብሪካ ምርት መቀየርም ቢሆን ሀኪሙ አውቆት፣ ከዛ በኋላ ደም ውስጥ ያለው መጠን ተለክቶ ነው። ርካሽ ስለሆነ ወደ ሌላው መሄድ ይቻላል፣ እንዲያውም ጠይቁ፣ ግን ከሀኪሙ ጋር። ድሮ የምትወስዱትን ሳጥን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙና መስኮት ላይ አሳዩ።

ከግለሰብ አትግዙ። "ከውጭ የመጣ አለኝ" የሚል አይጠፋም፣ ሳጥኑ የተከፈተ፣ የሚያበቃበት ቀን የተፋቀ፣ ፍሬው በላስቲክ የታሰረ። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ የምግብና መድሃኒት ባለስልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ እዚህ ሀኪም የጻፈውን ማዘዣ ላኩለት፣ መድሃኒቱ በሳጥኑ እንዳለ ከነደረሰኙ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። የራሱን መድሃኒት እየቆረሰ እንዲልክ አታድርጉ፣ የሱም መጠን ሌላ ነው፣ እሱም ይጎድልበታል።

አቀማመጥ፦ ካፕሱሉን ከነሽፋኑ ተዉት፣ ሊዋጥ ሲል ብቻ ይውጣ። የጅማ ክረምት ግድግዳ የሚያሻግት እርጥበት ነው፣ የሳምንቱን አውጥቶ በብልቃጥ መጨመር ይቅር።

ብር ሲያጥር የሚደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሁለቱም አይደረጉም፦ ፍሬ ቀንሶ "ማድረስ"ና ቀን ማዝለል። ፕሬድኒሶሎንም ርካሽ ናት ተብላ ድንገት የምትቆም አይደለችም። ብር ካጠረ ሶስት ሳምንት ሲቀረው ለሀኪሙ ንገሩት፣ ሊቀየር የሚችል ነገር ካለ የሚያውቀው እሱ ነው፣ የሆስፒታሉ ማህበራዊ አገልግሎት ክፍል (ሶሻል ወርከሮቹ) ጋም ሂዱ፣ መክፈል ለማይችል ሰው የሚደረግ ነገር ካለ ከቀበሌ የሚያስፈልገውን ደብዳቤ እነሱ ይነግሯችኋል።

6. ምርመራው

የታክሮሊመስ መጠን ምርመራ ደም የሚወሰደው የጠዋቱ ከመዋጡ በፊት ነው። ማታ 2 ሰዓት የዋጠ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም ይሰጣል፣ መድሃኒቱን ኪሱ ይዞ ሄዶ ደም እንደሰጠ ይውጣል። አሁን አስቡት፣ ምርመራው አዲስ አበባ ከሆነ ከጅማ በሌሊት ተነስታችሁም በጠዋት አትደርሱም፣ ስለዚህ ማደሪያውንም ወጪ ውስጥ ቁጠሩት። መጀመሪያ ግን እዚህ ደም ተወስዶ የሚላክበት መንገድ ካለ ደውላችሁ ጠይቁ፣ የሚላክ ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሆነም።

7. ለፋርማሲስቱም ለጤና ጣቢያውም ንገሩ

ከላይ እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው። በመድን ካርዱ በነጻ የምታገኙት ሶስተኛው ክምር መጀመሪያውን ክምር ሊያበላሽ ይችላል። ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድሃኒት፣ መንግስት ጤና ተቋም በነጻ ነው የሚሰጠው) የታክሮሊመስን መጠን በጣም ያወርዳል፣ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ደግሞ ከፍ ያደርጉታል። ለራስ ምታትና ለወገብ የሚሰጡት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊቱን ይጎዳሉ። አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው ለሪህ የሚሰጠውን አሎፑሪኖል ሀኪሙ ሳያውቅ አይጀምርም። ማይኮፌኖሌት የምትወስድ ሴት ልጅ ለመውለድ ካሰበች ከማርገዟ በፊት ነው ሀኪም የምታማክረው። ግሬፕ ፍሩት የሚባለው ፍሬም ይቅር። የባህል መድሃኒት ሰው በፍቅር ያመጣላችኋል፣ በምስጋና ተቀብላችሁ አስቀምጡት፣ ሳትጠይቁ አይዋጥም። ካርዱ ጀርባ ላይ "ኩላሊት የተተከለለት" ብላችሁ በትንሽ ወረቀት ለጥፉ፣ እናንተ ባትኖሩም ወረቀቱ ይናገራል።

ኩላሊቱን የሰጠውን ሰውም አትርሱ። እዚህ ሀገር የሚሰጠው ዘመድ ነው፣ ብዙ ጊዜ እዛው ቤት ያለ፣ እና ሁሉም ሰው ተቀባዩን ሲያይ እሱን የሚያየው የለም። ግፊቱና ክሬቲኒኑ በዓመት አንዴ ይታይ፣ ይሄ በማህበረሰብ መድን ካርድ ጤና ጣቢያ የሚጀመር ተራ ምርመራ ነው።

8. ፋይሉና "አይሆንም" ሲሏችሁ

አንድ የላስቲክ ፋይል ግዙ፣ ዚፕ ያለው። ውስጡ፦ የካርዱ ኮፒ፣ ሪፈር፣ ዲስቻርጅ ወረቀት፣ የመጨረሻ ምርመራዎች፣ የእያንዳንዱ ማዘዣ ኮፒ፣ ደረሰኝ ከነኮፒው። የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ በጥቂት ወር ይጠፋል፣ የገዛችሁ ቀን ኮፒ አድርጉት፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። ዋናውን ለማንም ስትሰጡ ኮፒው ላይ "ዋናውን ተቀብያለሁ" አስፈርሙ፣ ይሄን ሲጠይቁ ሰው ፊቱን ያጨፈግጋል፣ ያጨፍግግ።

አይሸፈንም ካሏችሁ በቃል አትቀበሉ። "እሺ፣ የትኛው መድሃኒት ነው የማይሸፈነው፣ በየትኛው መመሪያ፣ እባክዎ በጽሁፍ ይስጡኝ" በሉ፣ በትህትና። ብዙ ጊዜ ሲጻፍ ነው "የግፊቱማ ይሸፈናል" የሚባለው፣ ምክንያቱም የሚጽፈው ሰው መመሪያውን መግለጥ አለበት። የጽሁፍ መልስ ካገኛችሁ በኋላ ከሱ በላይ ወዳለው፣ ከጤና ተቋሙ ወደ ከተማው የጤና መድን ክፍል፣ ከዛ ወደ ከተማው ጤና ጽህፈት ቤት፣ የኢንሹራንስ ከሆነ ወደ ዋናው መስሪያ ቤት የክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ክፍል ይኬዳል። ማመልከቻው አጭር ይሁን፣ እንደዚህ፦

"እኔ አመልካች የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ስሆን የመታወቂያ ቁጥሬ ከላይ ተጠቅሷል። በቀን ... ለደም ግፊት የታዘዘልኝ ... የተባለው መድሃኒት አይሸፈንም ተብሎ በቀን ... በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ። መድሃኒቱ ለደም ግፊት የታዘዘ መሆኑን ማዘዣው ያሳያል። ጉዳዩ ታይቶ የከፈልኩት እንዲመለስልኝ፣ ወደፊትም በካርዴ እንዲሰጠኝ፣ ካልሆነም ምክንያቱ በጽሁፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።"

ይሄን ወደ አፋን ኦሮሞ አስመልሱት፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጋችሁ ቁጥርና ቀን በሁለተኛው ላይ አስመቱ። መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ሂዱና በስማችሁ ሳይሆን በቁጥሩ ጠይቁ፣ በስም ከጠየቃችሁ "ነገ ተመለሱ" ነው፣ በቁጥር ሲሆን መዝገቡን ከፍተው የት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ያሳዩአችኋል።